ቴስተሩ ስንት ይላል?

ጥቅምት 6

ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ሚስትህስ? ትንሿስ አደገችልህ? እኔና ባለቤቴ ደህና ነን፤ ጉልበቱ አልፎ አልፎ ቢያማርረውም ሬዲዮኑን ሲጎረጉር ይውላል። እስከ ዛሬ የጠበቀህ አምላክ አሁንም ይጠብቅህ። በእጅህ የነካኸውን ይባርክልህ፤ መነካት የሌለበትንም አያስነካህ። ይህችን የመጨረሻዋን ምርቃት ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ብቻ ነው የምመርቃት።

በስልክ የሥራ ነገር እንደማላወራ ታውቃለህ። ስትደውል ቤቱ ሙሉ ስልኩን ይሻማዋል፤ እኔ ጋ ሲደርስ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ብዬ እዘጋዋለሁ። ሥራ በወረቀት ነው። ሙያውን ሳስተምርህም ያልኩህ ይኸንኑ ነው።

ክር ፋብሪካችን ማሽኖቹን በአዲስ መቀየሩን ነግሬህ ነበር። አዲሶቹ የሞተራቸውን ፍጥነት እንደ ልባቸው ይቀያይራሉ፤ በዚያው ልክ ኤሌክትሪኩን ያቆሽሹታል። መብራቱ ይርገበገባል፣ ትራንስፎርመሩ ይግላል። ስለዚህ ማጣሪያ አመጡ። ከሰው ቁመት የሚበልጥ ግራጫ ሳጥን ነው፤ ውስጡ ካፓሲተርና ጥቅል ሽቦ ተደርድሮበታል። አንተ በሰው አገር ስትጠግነው የምትውለውን ዕቃ እኔ በስተርጅና ተዋወቅሁት።

ተዋወቅን እንጂ አልተስማማንም። የመሃለኛው መስመር ፊውዝ ይቃጠላል። እቀይረዋለሁ፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ይቃጠላል። (አንተን አላልኩም። የቤታችን ፊውዝ በልጅነቱ በትንሽ በትልቁ ይቃጠል ነበር፤ አሁን ትዳር ሳያበርደው አልቀረም።) ሥራ አስኪያጁ «ተለቅ ያለ ፊውዝ አስገቢበትና እንገላገል» አለኝ። ያ ማለት ቤት እየነደደ እሳት ብሎ የሚጮኸውን ሰው አፍ መያዝ ነው አልኩት።

አንዲት ወጣት ኢንጂነርም ቀጥረዋል። ጨዋ ናት፣ ክፋት የለባትም፤ ግን በሄድኩበት ሁሉ ትከተለኛለች። እኔ ደግሞ ያንን ሳጥን የምከፍተው ብቻዬን ነው። ኃይሉን አጠፋለሁ፣ ማንም እንዳያበራብኝ ጓጉንቸሬን እሰቅልበታለሁ፣ መክፈቻው ኪሴ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይጠጋኝም። በኃይል ማቋረጫው ስም «እትዬ ብሬከር» ያሉኝ ያለ ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። የኤሌክትሪክ መለኪያዬ፣ ቴስተሬ፣ አርጅቷል፤ መስታወቱ ተጭሮ ተጭሮ ቁጥሩ አይለይም። ደህና ቴስተር ካገኘህ ላክልኝ።

ፈጣሪ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ።

እህትህ


ኅዳር 3

እናትም እህትም ለሆንሽኝ ለእትዬ፣

ሰላምታዬ ከእግርሽ ሥር ይድረስ። ጋሼን ጉልበቱ ተሻለው ወይ? እኛ በጤና አለን። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስታወራ ታፏጫለች፤ አሁን ሆን ብላ «ስ» ያለበት ቃል ትመርጣለች። ደብዳቤሽን ምሳ ሰዓት ላይ ሳነብ ሳቄን ሰምተው የሥራ ባልደረቦቼ ምን እንዳገኘሁ ጠየቁኝ። የመጀመሪያዋ አለቃዬ ጻፈችልኝ አልኳቸው።

ወደ ሥራው ልግባ። አንቺን ስለ ጥንቃቄ መምከር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ቢሆንም ይህ ዕቃ አንቺ ከለመድሻቸው ሞተሮች ጠባዩ ይለያል። ሞተርን ካጠፋሽው ጠፋ። ካፓሲተር ግን ኃይሉን ከቆረጥሽበትም በኋላ ያጠራቀመውን ይዞ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ያንን ቀስ እያለ የሚያፈስለት ሬዚስተር አለው፤ ሬዚስተሩ ተበጥሶ ከሆነ ግን ለረጅም ጊዜ እንደያዘ ይቆያል። ከውጭ አይቶ የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ አጥፊው፣ ቁልፍሽን ስቀይ፣ በሩ ላይ የተጻፈውን ያህል ጠብቂ፣ ከዚያም ጨምረሽ ጠብቂ። ቴስተሩን መጀመሪያ ኤሌክትሪክ እንዳለበት በምታውቂው ቦታ ፈትኚው። ከዚያ ካፓሲተሮቹን እያንዳንዳቸውን ለኪ። ከዚያ ተመልሰሽ ቴስተሩን እንደገና ፈትኚው፤ መሃል ላይ ሞቶ ቢሆንስ? ዜሮ ካለሽም በኋላ ጓንትሽን አድርገሽ፣ በሽቦ ከመሬት በተያያዘው ዘንግ ጫፍ ጫፋቸውን አስነኪ፤ ዘንጉም እዚያው ይቆይ። እጅሽ የሚገባው ከሁሉም በኋላ ነው።

አንዲት ነገር አስምሪባት። ካፓሲተር ሲጠፋ ይዞት የሚቀረው እንደ ባትሪ ያለ ዲሲ ነው። ቴስተሩን ለግድግዳ መስመር በሚሆነው ኤሲ ላይ አድርገሽ ከለካሽው ዜሮ ይልሻል። ያ ዜሮ ዋሾ ነው።

ትልቅ ፊውዝ አለማስገባትሽ ፋብሪካውን አተረፈ። ጥፋቱን እስክናገኘው ማጣሪያውን አጥፉት፤ ማሽኖቹንም ቀንሰው ያሠሩ። ለልኬት ያህል ብቻ አስነሺውና፣ ሦስቱ መስመሮች የሚስቡትን አምፔር ገመዱን በሚያቅፈው ክላምፕ ከውጭ ለክተሽ ጻፊልኝ።

ቴስተሩን ከነክላምፑ በፖስታ ልኬዋለሁ። በጤና ያገናኘን።

ወንድምሽ ፊውዝ


ታኅሣሥ 14

ለወንድሜ፣

እንደምን አለህ? ለትንሿ ጥርሷ እስኪበቅል ድረስ ትዝናናበት በልልኝ። እኛ ደህና ነን። ስለዘገየሁ አትቀየመኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ቴስተሩ ደረሰኝ፤ እጅህ ይባረክ። ግን እነዚህ ሰዎች ቁጥሩን የሠሩት ለሰው ነው ወይስ ለጉንዳን? እንዲህ ያለ ጎበዝ ዕቃ ሠርተው ቁጥሩ ላይ ምን አስቆጠባቸው?

ያዘዝከውን ለክቻለሁ። የመጀመሪያው መስመር 83፣ መሃለኛው 58፣ ሦስተኛው 88። ከሰዓት ደግሜ ስለካ የመጀመሪያው 88፣ መሃለኛው 53፣ ሦስተኛው 33።

እኔ ግን ከቁጥሩ በፊት በጆሮዬ ለይቼዋለሁ። ሌሎቹ ጥቅሎች እኩል ሲያዜሙ መሃለኛው ያጉረመርማል። ከእሱ ጋር ካሉት ካፓሲተሮች አንዱ ደክሟል ብዬ ፈርጃለሁ፤ ሥራ አስኪያጁም አምኖ አዲስ አዝዟል። ዕቃው በየካቲት መጨረሻ ግድም ይደርሳል ተብሏል። እስከዚያ «ማሽን ቆመ» እያለ ይነጫነጭብናል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብዬ በፊቱ ተርቼበታለሁ።

ኢንጂነሯ ልኬቱን ልመዝግብልሽ ብላ ነበር፤ አመሰግናለሁ ብዬ መለስኳት። እኔ የራሴን ልኬት ራሴ እጽፋለሁ።

ቁጥሩ ተለቅ ያለ፣ መብራት ያለው ቴስተር የለም ወይ? ክፍሉ ጨለማ ነው። ካስቸገረህ ይቅር።

ምድር አትክበድብህ፤ የረገጥከው ሁሉ ይለምልም።

እህትህ


ጥር 3

ለእትዬ፣

ጤናና ሰላም ከአንቺ አይራቅ። ለጋሼም ሰላምታዬ ይድረሰው። ትንሿ ጥርሷ በቀለ፤ ፉጨቱ በመቅረቱ ግን አዝናለች።

ጆሮሽ ልክ ነው፤ የደከመው ከመሃለኛው ወገን ነው። ጆሮ ያለው ሰው እንዳንቺ ነው። ቁጥሮቹ ግን ግራ አጋቡኝ። ሦስተኛው መስመር ጠዋት 88 ስቦ ከሰዓት 33 ሊስብ አይችልም። ምናልባት የላክሁልሽ ቴስተር ጥሩ አልነበረም ይሆናል። ጥፋቱ የመረጠው ሰው ነው። ትልቅ ቁጥር ያለው፣ ከኋላው የሚበራ አግኝቼ ልኬልሻለሁ።

ስለ እኛ መሥሪያ ቤት አንድ ነገር ልንገርሽ። እዚህ ማጣሪያ የሚከፍት ሰው ብቻውን አይከፍትም። ሁለት ሰው ሁለት ጓጉንቸር ይሰቅላል። አንዱ ይለካል፤ ሌላው ከጀርባው ሆኖ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል፤ የለካው ይደግመዋል። መጀመሪያ ሳየው እንደ ሕፃናት ትምህርት ቤት መሰለኝና አሾፍኩ። አሁን ያለ እሱ እጄ አይገባም። የሚያነበው ሰው ከሚለካው ስለሚበልጥ አይደለም፤ እኔ በዕድሜ ገፋ ካለ ሰው ጋር ነው የምሠራው፣ ተራ በተራ እናነባለን። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ?

ያቺ ኢንጂነር ብታነብልሽ ምን ይመስልሻል? እንዲያው ነው ያልኩሽ።

ክፍሉ ውስጥ መብራት ይጨምሩልሽ። እቤትስ መብራቱ እንዴት ነው?

ወንድምሽ


ጥር 24

ለወንድሜ፣

ሰላም ይብዛልህ። እኛ ደህና ነን። ያ ትልቁ ደረሰኝ። ግሩም ነው፤ ግን አንጸባረቀብኝ።

ድምፅ የሚያሰማ የለም ወይ? ኤሌክትሪክ ሲኖር የሚጮኽ፣ ከሌለ ዝም የሚል? ያ ብቻ ይበቃኛል። ጆሮዬ እንደሆነ አንተም መስክረህለታል።

ካፓሲተሮቹ ከታሰበው ቀድመው መርከብ ላይ ተጭነዋል አሉ። እንደገቡ እከፍተዋለሁ። ብቻዬን ነው የምከፍተው። ስለ እናንተ አገር ሁለት ሰው የጻፍከውን ሰምቻለሁ፤ መልካም ነው፤ ለእናንተ። እቤት መብራቱ ደህና ነው።

አምላክ ይከተልህ።

እህትህ


የካቲት 8

እትዬ፣

ጤናሽን እጠይቃለሁ። ዛሬ የምጠይቀው ለወጉ አይደለም።

ዓይንሽን ምን ሆነሽ ነው?

ይኸው አልኩት። ከታኅሣሥ ጀምሮ እየጻፍኩ እሰርዘው ነበር። ሦስትና ስምንት ተምታተውብሽ ነበር፤ ቴስተሩን ወቀስኩ። ፊደልሽ ከደብዳቤ ወደ ደብዳቤ እየተለቀ ሄደ፤ ቸኩላ ነው አልኩ። የመጨረሻው ደብዳቤሽ ግን መስመሩን ስቶ፣ ግማሹ በግማሹ ላይ ተጽፎ ነው የደረሰኝ። መጀመሪያ ቁጥሩ የሚለይ ቴስተር፣ ቀጥሎ ትልቅ ቁጥር፣ ቀጥሎ ጭራሽ ቁጥር የሌለው ጠየቅሽኝ። እኔ ለአንቺ እንዲህ ያለ ነገር የማይገባኝ ሰው ነኝ? በጨለማ ገመድ በእጅ መለየት ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽም?

ስልክ ደወልኩ፤ ደህና ነኝ ብለሽ ዘጋሽው። ለኢንጂነሯ ልደውል ብዬ ስልኩን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት፤ ከጀርባሽ ላወራ አልፈለግሁም። ይህንንም ደብዳቤ በፖስታ አላመንኩትም፤ ወደዚያ በሚመጣ ሰው እጅ ልኬዋለሁ።

እስከ ዛሬ የጠየቅሽኝን ሁሉ ላክሁ። ይህንን ግን አልልክም። የሚጮኸውን ቴስተር አልልክም። ባትሪው ሲያልቅም ዝም ይላል፤ ጫፉ በደንብ ሳይነካም ዝም ይላል። እዚያ ሳጥን ፊት ዝም ያለ ሁሉ ባዶ አይደለም። ማጣሪያው ሲሠራ ጆሮሽ ያውቀዋል፤ ከጠፋ በኋላ ግን የያዘውን ለማንም ጆሮ አይናገርም።

ፈራሁ እትዬ። በቃ፣ ፈራሁ ነው የምልሽ። እናታችን ስትሞት እኔን በአንድ እጅሽ፣ የመሣሪያ ቦርሳሽን በሌላው ይዘሽ ነው ሥራ የሄድሽው። አንቺ ከሌለሽ እኔ ሽማግሌ ሆኜም ወላጅ አልባ ነኝ። ሥራሽ ይቅርብሽ አላልኩም። አስነብቢ ነው ያልኩት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ሐኪም ይይሽ።

ልቆጣሽ ነበር የጀመርኩት። ፊውዙ ሳይቃጠል ቀለጠ።

ወንድምሽ


የካቲት 27

እትዬ፣

ሰላም ነሽ ወይ? ደብዳቤው እንደደረሰሽ ያመጣው ሰው ነግሮኛል። ስደውል ጋሼ ያነሳና «ደህና ናት፣ ሥራ ላይ ናት» ይለኛል። ሥራ ላይ መሆንሽ ነው እኮ የሚያስፈራኝ።

ልትቆጪኝ ከሆነ ተቆጪኝ። ስድብም ቢሆን ጻፊልኝ። ከዚህ በላይ ግን መጠበቅ አልችልም፤ ከነገ ወዲያ ፋብሪካው ጋ እደውላለሁ። ከጀርባሽ አላወራም ያልኩትን ቃል አጥፌያለሁ፤ ብትቀየሚኝ በሕይወት ሆነሽ ተቀየሚኝ።

ወንድምሽ


መጋቢት 4

ለወንድሜ፣ ለእናቴ ልጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። በመጀመሪያ ጽሕፈቱ አያስደንግጥህ። እጁ የኔ አይደለም፤ ቃሉ ግን የኔ ነው። ጸሐፊዋ ያቺ የምትከተለኝ ኢንጂነር ናት። ያልኩትን ሁሉ ሳታሳምር እንድትጽፍ አስምያታለሁ።

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ እንዲህ ሆነ። ጽሑፍህ ከድሮም ደቃቅ ነው። ባለቤቴ እንዳያነብልኝ የሱ ዓይን ከነመነጽሩ የኔን ያህል እንኳ አያይም፤ ያንተን ደብዳቤዎች ከገና በኋላ በግምት ነበር የማነባቸው። ይኸኛው ገና ከጅምሩ እምቢ አለኝ። ስለ ካፓሲተር ይሆናል ብዬ ለእሷ ሰጠኋትና «እስኪ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ፣ እጄ ዘይት ነክቶታል» አልኳት። ጓንት አድርጌ ቆሜ ነበር እኮ! ዘይትም የለ፣ ምንም የለ።

«ዓይንሽን ምን ሆነሽ ነው» ላይ ስትደርስ ቆመች። ደብቄ ደብቄ ገመናዬን በገዛ እጄ ለሰው ሰጥቼ አስነበብኩት። ቀጥይ አልኳት። እስከ መጨረሻው አነበበችው። «ፊውዙ ሳይቃጠል ቀለጠ» የሚለው ላይ ስትደርስ እሷም እንባዋ መጣ። (ይህን አልጽፍም አለች፤ ጻፊ አልኳት።)

ከዚያ «እኔ ቀድሜ አውቄዋለሁ፣ እትዬ» አለችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ደረጃውን በእግርዎ ሲዳብሱ አየሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ቁልፍዎ እኮ የተሰቀለው እዚያ በር ላይ ብቻ አይደለም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ልጅቷን ስንት ጊዜ በጥላዬ ሳይቀር ገፍቻታለሁ።

ቢሆንም አልተሸነፍኩም፤ ታውቀኛለህ። ተቀይሜህ ከረምኩ። መልስ ያልሰጠሁህ በዚህ ነው እንጂ ደብዳቤው ጠፍቶብኝ አይደለም። ዕቃው ሲገባ ለመክፈት ተነሳሁ። ጠዋት ለመጨረሻው ልኬት አስነሳነው፤ ከዚያ አጠፋሁትና ጓጉንቸሬን ሰቀልኩ። እሷም የራሷን ከጎኑ ሰቀለች። አላወረድኩባትም። የተጻፈውን ያህል ጠበቅን፣ ጨምረንም ጠበቅን። ቴስተሩን ኃይል ባለበት ፈተንኩት፤ ደህና ነው። ከዚያ መቀየሪያውን ወደ ዲሲ አዞርኩት።

የአሮጌ ቴስተሬን መቀየሪያ በጣቴ ነው የማውቀው። ከመጥፊያው ጀምሬ ቀጭ ቀጭ ሲል እቆጥርና ዲሲ ላይ አቆመዋለሁ፤ ዓይኔ አይቶት አያውቅም። ይህንንም እንደዚያው ቆጠርኩት። ያንተው ባለ መብራት ቴስተር ግን ቆጠራው ሌላ ኖሯል። ጫፉን መሃለኛው ካፓሲተር ላይ አሳረፍኩ። መስታወቱ ላይ የሆነ ብርሃን ታየኝ፤ ክብ መሰለኝ። ዜሮ ነው አልኩ በልቤ። ወደ ዘንጉ እንኳ አልዞርኩም ወንድሜ። ቀኑ ረፍዷል፣ ሥራ አስኪያጁ ከበሩ ውጭ ይንጎራደዳል፣ እኔም ለእናንተ ለሁላችሁም ላሳያችሁ ብዬ እልህ ይዞኛል። እጄ ሊገባ ነበር።

ያኔ ያንተ «ፈራሁ» ያልካት ቃል መጣችብኝ። አንተ ፈራሁ ብለህ አታውቅም። በልጅነትህ ያ ሁሉ ነገር ሲያገኘን እንኳ አላልክም። እጄን መለስኩና ሳልዞር «ስንት ይላል?» አልኳት።

ይህችን ሁለት ቃል ማውጣት ከወሊድ በላይ ከብዶኝ ነበር።

«ዜሮ ነጥብ ሁለት ይላል» አለች። ደስ አለኝ። አየሽ ልላት አፌን ስከፍት «ግን እትዬ፣ ኤሲ ላይ ነው ያለው» አለችኝ። ወደ ዲሲ አዞረችው። «አንብቢው እንጂ!» አልኳት።

«አምስት መቶ አሥር።»

ከሳጥኑ ወደ ኋላ ሳበችኝና ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። እንዳልነካ እጄን በሁለት እጇ ይዛ ቆየች፤ እኔ ደግሞ እንደ ሕፃን ተያዝኩላት። ሥራ አስኪያጁ ገብቶ «አለቀ?» ሲል ኢንጂነሯ እንደዚያ ትጮኻለች ብዬ አልገመትኩም። እኔን ካልክ እሷን ብታይ፤ ሰውየው ከዚያ ወዲህ በሩን ሲያልፍ በሩቁ ነው።

ስንረጋጋ ማፍሰሻ ሬዚስተር ባለው ዘንግ ቀስ አድርጋ አፈሰሰችው፤ እኔ ከጀርባዋ ሆኜ ቅደም ተከተሉን እናገራለሁ፣ እሷ ትሠራለች፣ ትለካለች፣ ታነባለች፣ እደግማለሁ። ዜሮ ሲል ከመሬት አያያዝነውና ከፈትነው። ጎኑ ያበጠ ካፓሲተር አገኘን፤ ሬዚስተሩም ከሥሩ ተበጥሷል። ሁሉንም ቀየርን፣ ብሎኖቹን አጠበቅን፤ አሁን ሦስቱም ጥቅሎች እኩል ያዜማሉ። ፊውዝም አልተቃጠለም።

ለምን እንደደበቅሁህ ልንገርህና ላብቃ። ዓይኔ ከሄደ እትዬ ብሬከር መሆኔ ይቀርና እጇን ተይዛ የምትወሰድ ሴት እሆናለሁ ብዬ ፈራሁ። ደግሞ አንተን አውቅሃለሁ፤ ሥራህን ጥለህ ትመጣብኛለህ። አንተ ያንን ሥራ ያገኘኸው በስንት መከራ ነው! እንዳትመጣ ነው የደበቅሁት። ሌላ ምክንያት የለኝም።

የፊታችን ሰኞ ሐኪም ጋ እሄዳለሁ። እጄን ይዛ የምትወስደኝም ጸሐፊዋ ናት።

ዕድሜህ ከኔ ላይ ተቀንሶ ይጨመርልህ።

እህትህ


መጋቢት 20

ለእትዬና ለኢንጂነሯ፣

ሰላምታዬ ለሁለታችሁም እኩል ይድረስ። አንባቢ ካለሽ ጮክ ብላ ታንብበው፤ ከእሷ የምደብቀው የለኝም።

ፋብሪካው ጋ ደውዬ ሥራ አስኪያጁ «ሥራ ላይ ናት» ብሎ ዘግቶብኝ ነበር። ደብዳቤሽን መሥሪያ ቤት ደረጃ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። «አምስት መቶ አሥር» ላይ ስደርስ መቀጠል አቃተኝ። አብሮኝ የሚሠራው ሽማግሌ መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ። ተረጎምኩለት። ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገው።

ያ ቴስተር የኔ ምርጫ ነበር። መቀየሪያው ከአሮጌው እንደሚለይ መጻፍ ነበረብኝ፤ አልታሰበኝም።

እህት ኢንጂነር፣ አንቺን ምን ብዬ እንደማመሰግን አላውቅም። እህቴን እጇን ይዘሽ መለስሽልኝ። ከዛሬ ጀምሮ ሁለት እህት አለኝ።

ሐኪሙ ምን አለ? ሳትቆርጡ ሳትቀጥሉ ጻፉልኝ።

ወንድማችሁ


ግንቦት 9

ለወንድሜ፣

እንኳን ለዚህች ቀን አደረሰህ። የምን ቀን ነው ብትለኝ፣ በገዛ እጄ የጻፍኩልህ ቀን ነው። መስመሩን እይልኝ፤ አልሳተም።

ሐኪሙ ያለውን ሳልቆርጥ ልንገርህ። የቀኝ ዓይኔ ነርቩ ተጎድቷል፤ ቀድሞ ነው የሄደው፣ አይመለስም። የግራው ላይ ሞራ ነበረበት፤ እሱን አንስተውልኛል። ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያየሁት የነርሷን አዝራር ነው፤ አራቱንም ቀዳዳ ቆጠርኩላት። ቀጥሎ ኢንጂነሯን አየኋት። ለካ ልጅቷ አፍንጫዋ ላይ ጠባሳ አላት! ይህን ያህል ጊዜ አብሬያት ስውል አላውቅም ነበር። ነገር ግን የቀኙ በሽታ ወደ ግራውም ጀማምሮታል። ጠብታ አለኝ፣ ጠዋት ማታ አደርጋለሁ። ይህ ዓይን ምን ያህል እንደሚቆይልኝ ሐኪሙ አላወቀም፤ አላውቅም ማለቱን ወደድኩለት።

ሥራ አልተውኩም። ማጣሪያው ጋ ሁለት ሆነን ነው የምንገባው፤ እሷ ትለካለች፣ እኔ ቅደም ተከተሉን እጠራለሁ። አንድ ቀን ዘንጉን ልትረሳ ስትል «እህ!» አልኳት፤ ቀጥ አለች። ብሬከርነቴ አልቀረም።

እቤት እንደገባሁ ግን ግድግዳው ላይ ያለውን፣ አምና የላካችሁትን ፎቶግራፍ አወረድኩት። እስከ ዛሬ ሰው ሲመጣ «ወንድሜ ነው፣ አልተለወጠም እኮ» እል ነበር። ሰውም ከኔ ጋር አልተለወጠም ይላል። በመስኮቱ ብርሃን አየሁህ። ሸብተሃል። ጉንጭህ ገብቷል፤ ከዓይንህ ሥር እንደ አባታችን ሆነሃል። ትንሿ ደግሞ ከወገብህ አልፋለች። ለካ አንተን እያየሁ አልነበረም፤ ሸኝቼህ የተመለስኩ ዕለት የነበረውን ልጅ ነው ስመለከት የኖርኩት። ፎቶውን ታቅፌ አለቀስኩ፤ ባለቤቴ «ሐኪሙ አታልቅሺ ብሏል» እያለ ይጮኽብኛል።

እንዳትመጣ ብዬ ነበር የደበቅሁህ። አሁን ግን ነገሬን ቀይሬያለሁ። ከእንግዲህ ቴስተር አትላክልኝ፤ ምንም አትላክልኝ። ራስህ ና። ልጅቷን አስከትልና ና፤ በቀረችው ዓይኔ ልያችሁ።

እህትህ